የቶራ መጨፍለቂያ

ልጆች፣ እግራችሁን ሰብስባችሁ ተቀመጡ። ይህ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ምስማር ነው።

ምስማሩ የተመታው በአንድ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። በምስማሩ ላይ አንድ የእንጨት መጨፍለቂያ ተሰቅሏል።

የመጨፍለቂያው እጀታ ረጅም፣ ጭንቅላቱም ድቡልቡል ነው። ብዙ ዘመን ስላገለገለ እንደ ባሕር ጠጠር ለስልሷል።

ወጥ ቤቱ የሚገኘው ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ በባሕር በተከበበች ደሴት ላይ ነው። በዚያች ደሴት ነፋሱ ብዙ፣ ዛፉ ግን ጥቂት ነው።

በዚያ ቤት ቶራ የምትባል ልጅ ትኖራለች። ቶራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ የገብስ ገለባ ይመስላል።

ከእርሷ ጋር አያቷ ኤርለንድ ይኖራሉ። ቶራ «አባባ» ትላቸዋለች።

ሞስ የሚባል ጥቁርና ነጭ ውሻም አለ። ሞስ በግ ሲኖር ይጠብቃል፤ በግ ሳይኖር ይተኛል።

የቶራ እናት ሲግሪድ ትባላለች። ሥራዋ በመርከብ ላይ ምግብ ማብሰል ነው።

መርከቡ ሰዎችን ከደሴት ወደ ደሴት ያመላልሳል። ሲግሪድ ሳምንቱን ሙሉ ለተሳፋሪዎች ታበስላለች፤ ዓርብ ማታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ሲግሪድ ከምግብ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ክላፕሾት የሚባለውን ነው።

ክላፕሾት ምንድን ነው? የዚያ አገር ሰዎች ከሥጋ ወይም ከዓሣ ጋር አጅበው የሚበሉት ምግብ ነው።

የሚሠራው ከሁለት ሥሮች ነው። አንደኛው ድንች ነው፤ ድንችን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ኒፕ ይባላል። ኒፕ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል፤ ላዩ ሐምራዊ፣ ውስጡ ቢጫ ነው።

ሁለቱ ይቀቀሉና አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ። ጭፍልቅ፣ ጭፍልቅ፣ ጭፍልቅ።

ቅቤ ይገባበታል፤ ጨው ይገባበታል፤ ቁንዶ በርበሬም ይነሰነስበታል። ከዚያም በትኩሱ ይበላል።

ነገር ግን በቶራ ቤት ክላፕሾት የሚሠራው ውርጭ ከወረደ በኋላ ብቻ ነው። ውርጭ ያልመታው ኒፕ አይጣፍጥም።

ስለዚህ ቶራ በየማለዳው በመስኮት ወደ ማሳው ትመለከት ነበር። በየማለዳውም «አባባ፣ አሁንስ?» ትላለች።

አያቷም ሣሩን ያዩና «ገና ነው» ይሏታል።

በማግስቱ ዝናብ ሆነ። «አባባ፣ አሁንስ?»

«ገና ነው።»

በሌላው ቀን ነፋስ ሆነ። «አባባ፣ አሁንስ?»

«ገና ነው። ነፋስ ኒፕ አያጣፍጥም፤ ባርኔጣ ይወስዳል እንጂ።»

አንድ ዓርብ ጠዋት ግን ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ። ቶራ ስትረግጠው «ቀጭ፣ ቀጭ» አለ።

«አባባ፣ አሁንስ?» አለች።

አያቷ ሣሩን በጣታቸው ነኩ። «አዎ፣ ውርጭ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልፈካም።

ለምን መሰላችሁ? አያት ቀኝ ትከሻቸውን አሟቸው ነበር። በቀኝ እጃቸው እንኳን መጨፍለቂያ ሊጫኑ፣ ማንኪያ ለማንሣትም ይቸገሩ ነበር።

«ዛሬ ዳቦና አይብ እንበላለን» አሉ አያት። «ክላፕሾቱ ትከሻዬ እስኪሻለው ይቆያል።»

ቶራ አሰበች። እናቷ ይህን ዓርብ ስትጠብቅ ቆይታለች።

«አባባ፣ እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ታበስላለች» አለች። «ታዲያ ለእርሷ ማን ያበስልላታል?»

አያት ጢማቸውን ብቻ አሻሹ።

«እኔ እጨፈልቃለሁ» አለች ቶራ።

አያት ከፍ ብሎ ወደ ተመታው ምስማር ተመለከቱ። ከዚያም ዝቅ ብለው ወደ ቶራ ተመለከቱ።

«የዚህን ቤት ደንብ ታውቂያለሽ» አሉ። «ኒፑን ከመሬት ያልነቀለ ሰው መጨፍለቂያውን አይነካም።»

«እነቅላለሁ» አለች ቶራ።

«ትዕዛዝም የማይሰማ ሰው አይነካውም።»

«እሰማለሁ» አለች ቶራ።

አያት ኮታቸውን በአንድ እጃቸው ለበሱ። ቶራ ቦት ጫማዋን አደረገች፤ ሞስም ምንም ጫማ ሳያደርግ ተከተላቸው።

ማሳው ነጭ ነበር። ኒፖቹ ግማሽ አካላቸውን ከአፈር አውጥተው በሰልፍ ተቀምጠዋል።

ቶራ አንዱን ኒፕ በቅጠሉ ያዘችና ሳበች። ኒፑ አልተነቃነቀም።

«በቅጠሉ አይደለም፤ ከአንገቱ ያዢው» አሉ አያት።

ቶራ ከአንገቱ ይዛ ሳበች። ኒፑ ትንሽ ተነቃነቀ።

«አባባ፣ አሁንስ?»

«ገና ነው። ግራና ቀኝ አወዛውዢው።»

ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ቶራ እንደገና ሳበች፤ ሳበች፤ ሳበች።

ቧ! ኒፑ ወጣ። ቶራም በጀርባዋ ወደቀች።

ሞስ መጥቶ ፊቷን ላሰ። አያት ኒፑን አገላብጠው አዩት።

«ኒፑ ደህና ነው» አሉ። «አንቺስ?»

«እኔም ደህና ነኝ» አለች ቶራ፤ አፈሩን ከቀሚሷ እያራገፈች።

ቅጠሉን ለበጎች ሰጡ። ኒፑን ግን በጋሪ አድርገው ወደ ጎተራው ወሰዱት።

በጎተራው ውስጥ ለበጎች ኒፕ የሚቆራርጥ የብረት መሣሪያ አለ። አያት ኒፑን ከላይ ከተቱና በግራ እጃቸው መዘውሩን አዞሩ።

ክርርር፣ ክርርር። ኒፑ ቢጫ ቢጫ ቁራጭ ሆኖ ከሥር ወረደ።

«ቢላዋ ቀኝ እጅ ይፈልጋል» አሉ አያት። «ይህ መዘውር ግን የትኛው እጅ እንደሆነ አይጠይቅም።»

ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። ቶራ ቁራጮቹን አጠበች፤ ልጣጫቸውንም በመላጫ አነሣች።

ከዚያም ትናንሽ ድንቾችን ላጠች። ድንቾቹ በሳህን ውስጥ ውሃ ተሞልቶባቸው ተቀመጡ።

አያት ትልቁን የብረት ድስት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ሞሉበትና የኒፑን ቁራጮች ከተቱ።

«አሁን በደንብ ስሚኝ» አሉ። «ኒፕ ግትር ነው፤ ቶሎ አይበስልም። ድንች ግን ገር ነው፤ ቶሎ ይለሰልሳል።»

«እሺ፣ አባባ።»

«ስለዚህ ኒፑ ይቀድማል፤ ድንቹ ይከተላል። ኒፑ መለስለስ ሲጀምር ድንቹን እኔ እጨምራለሁ።»

«እኔስ የትኛውን እመስላለሁ?» አለች ቶራ።

«ዛሬ ጠዋት ኒፑን ትመስያለሽ» አሉ አያት።

በዚያ አገር ዛፍ ጥቂት ስለሆነ፣ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ አፈር እንደ ማገዶ ያነዳሉ። አያት ማገዶውን ከደጅ ለማምጣት ወጡ።

ቶራ በመስኮት ወደ ባሕሩ ተመለከተች። ከሩቅ አንድ መርከብ ይታያል፤ የክብሪት ቀፎ ያህላል።

የእናቷ መርከብ ነው።

ቶራ ድስቱን አየች። ሳህኑን አየች። መርከቡን እንደገና አየች።

«ሁለቱ አንድ ላይ ቢገቡ አንድ ላይ ይበስላሉ» ብላ አሰበች። «እማዬ ስትደርስ ክላፕሾቱ ገበታ ላይ ይጠብቃታል።»

ከዚያም ድንቾቹን አንድ በአንድ ወደ ድስቱ ጨመረች። ጥልቅ፣ ጥልቅ፣ ጥልቅ።

ድንቾቹን ከኒፑ ሥር ደበቀቻቸው። ባዶውን ሳህን ደግሞ በጨርቅ ሸፈነችው።

ሞስ ሁሉን አየ። ሞስ ግን መናገር አይችልም።

አያት ማገዶውን ይዘው ተመለሱ። ድስቱን በግራ እጃቸው እየገፉ ከጠረጴዛው ወደ ምድጃው አሳለፉት፤ ክዳኑንም ከደኑ።

እሳቱ ነደደ። ድስቱ ፈላ። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ።

«አባባ፣ አሁንስ?»

«ገና ነው።»

መርከቡ ቀረበ። አሁን የጫማ ካርቶን ያህላል።

ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። «አባባ፣ አሁንስ?»

«ገና ነው።»

በዚያን ጊዜ የድስቱ ክዳን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነጭ አረፋ ወጥቶ በድስቱ ጎን ወረደና ምድጃው ላይ «ጭስስ» አለ።

አያት ክዳኑን አነሡ። ውሃው እንደ ወተት ነጥቷል።

«ኒፕ ውሃ አያነጣም» አሉ አያት።

ጨርቁን ከሳህኑ ላይ ገለጡት። ሳህኑ ባዶ ነው።

«ድንቹ የት አለ?» አሉ።

ቶራ እግሯን ተመለከተች። ሞስም እግሩን ተመለከተ።

«ውስጥ ነው» አለች ቶራ።

«ማን ጨመረው?»

ሞስ ጅራቱን መወዝወዝ አቆመ።

«ሞስ አይደለም» አለች ቶራ። «እኔ ነኝ።»

አያት አልጮኹም፤ አልሣቁምም። የቶራ ጆሮዎች ግን ቀሉ።

አያት ከድስቱ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ በቀዳዳ ጭልፋ እያወጡ ወደ ገበቴ ገለበጡ። ከዚያም መጨፍለቂያውን ከከፍተኛው ምስማር አወረዱና ለቶራ ሰጧት።

ቶራ መጨፍለቂያውን በሁለት እጇ ያዘች። ብዙ ጊዜ ስትመኘው የኖረችው ነገር ነበር፤ አሁን ግን ከበዳት።

«ጨፍልቂ» አሉ አያት።

ቶራ በርጩማ ላይ ቆማ መጨፍለቂያውን አወረደች። «ጭፍልቅ» የሚል ድምፅ ጠበቀች።

«ቋ» አለ።

እንደገና ሞከረች። «ቋ፣ ቋ» አለ።

በሦስተኛው አንድ የኒፕ ቁራጭ ከገበቴው ዘለለ። ጠረጴዛው ላይ ነጠረ፤ መሬት ላይ ወደቀ፤ ከወንበር ሥር ገባ።

ሞስ ሮጦ ያዘውና ነከሰው። ወዲያው ተፋው፤ ቶራንም በነቀፋ ዓይን ተመለከታት።

«ኒፑ ድንጋይ ነው» አሉ አያት። «ድንቹስ?»

ቶራ በገበቴው ውስጥ ፈለገች። ከዚያም ወደ ድስቱ ተመለከተች።

ድንቹ ሟሙቶ ከውሃው ጋር ተቀላቅሏል። አንድም ሙሉ ድንች አልተገኘም።

«ድንቹ የለም» አለች ቶራ፤ ድምፅዋም ቀጠነ።

ከውጭ «ቡዉዉዉ» የሚል ድምፅ ተሰማ። መርከቡ ወደቡ ላይ ደርሷል፤ አሁን ከቤት ይበልጣል።

የቶራ ዓይኖች እንባ ሞሉ። «አባባ፣ እማዬ መጣች። ክላፕሾቱ ግን ቀረ» አለች።

አያት መሐረባቸውን አውጥተው ሰጧት።

«አልቀረም» አሉ። «ገና ነው።»

ቶራ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ግትሩን ኒፕ ወደ ንጹሕ ውሃ እንመልሰዋለን» አሉ አያት። «ድንቹን ግን ያጠፋ ሰው ራሱ ይተካዋል።»

ቶራ ቅርጫት ይዛ ወደ ጎተራው ሮጠች። ጎተራው ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው፤ ነፋሱም በበሩ ስንጥቅ ያፏጫል።

ሞስ አብሯት ገባ። ቶራ ድንቾቹን ከአፈራቸው እየለየች ቅርጫቱን ሞላች።

ድንቾቹን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበች። ጣቶቿ ቀሉ፤ ቢሆንም ማጠቡን አላቋረጠችም።

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተ። እናቷ ገባች፤ በቀይ ካፖርቷ ላይ የባሕር ጠብታ ነበር።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች ሲግሪድ።

«የተበላሸ ክላፕሾት ነው» አለች ቶራ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ቶሎ እንዲደርስልሽ ብዬ ድንቹን ቀድሜ ጨመርሁት።»

ሲግሪድ ልትሥቅ ነበር። አያት ቀና ብለው ሲያዩዋት ግን ሣቋን ዋጠች።

«እንግዲያው ድንቹን ልላጥልሽ» አለችና እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች።

«አይሆንም» አለች ቶራ። «አንቺ ስታበስዪ ነው የከረምሽው። አሁን ተቀመጪ።»

ሲግሪድ አባቷን አየች። አያት ትከሻቸውን ሊነቀንቁ ፈልገው ነበር፤ አመማቸውና ተዉት።

«ሲሉሽ ተቀመጪ እንጂ» አሏት።

ሲግሪድ ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ እግሮቿን ወደ ምድጃው ዘረጋች፤ ሞስም ጫማዎቹ ላይ ተኛ።

ቶራ ድንች ላጠች። ስለ ቸኮለች ልጣጩ ወፈረ፤ ድንቹም አነሰ።

«በጎቹ ዛሬ ደስ ይላቸዋል» አሉ አያት፤ የልጣጩን ክምር እያዩ።

ቶራ ቀስ ብላ መላጥ ጀመረች። ልጣጩ ቀጠነ።

አያት የተበላሸውን ነጭ ውሃ አልደፉትም። ሽንኩርትና ወተት ጨምረው በሌላ ድስት አሞቁትና በኩባያ ቀዱት።

«ሾርባ ነው» አሉ። «ማንም እንዲሠራ ያላሰበው ሾርባ።»

ሲግሪድ ቀመሰች። «በመርከቡ ላይ ከሚሸጠው ይሻላል» አለች። «ለአለቃዬ ግን እንዳትነግሩብኝ።»

ሾርባውን እየጠጡ ጠበቁ። ድስቱ ፈላ። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ።

ሲግሪድ ኩባያዋን አስቀመጠች። «ቶራ፣ አሁንስ?» አለች።

ቶራ በሹካ እንድትወጋው አያት አንድ የኒፕ ቁራጭ በጭልፋ አወጡላት። ሹካው ጫፉ ብቻ ገባ።

«ገና ነው» አለች ቶራ።

ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። አሁን ሹካው እስከ ግማሽ ገባ።

«ድንቹ አሁን ነው» አለች ቶራ። አያትም ድንቹን ጨመሩ።

«ቶራ፣ እኔም ራበኝ። አሁንስ?» አሉ አያት።

«ገና ነው፣ አባባ።»

ሞስ ጭንቅላቱን አነሣና «ው?» አለ።

«ገና ነው፣ ሞስ።»

«በመርከቡ ላይ እንዲህ ብመልስ ተሳፋሪዎቹ ማንኪያ ይወረውሩብኝ ነበር» አለች ሲግሪድ።

«ቢወረውሩም ኒፑ አይበስልም» አለች ቶራ።

አያት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጢማቸው ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ቶራ እንደገና ሹካውን አነሣች።

በድንቹ ውስጥ ሹካው ገባ። በኒፑም ውስጥ ማንም ሳይገፋው ገባ።

«አሁን ነው?» አለች ሲግሪድ።

«አሁን ነው» አለች ቶራ።

የፈላ ውሃ ማጥለል የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ሲግሪድ ተነሥታ ውሃውን አጠለለች፤ ድስቱንም ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

እንፋሎቱ ወጥ ቤቱን ሞላው። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፈነ፤ ባሕሩም ጠፋ።

አያት መጨፍለቂያውን አቀበሏት። ቶራ ተቀበለች፤ ነገር ግን አላወረደችውም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ አያት።

«እንፋሎቱ ይውጣ» አለች ቶራ። «አሁን ብጨፈልቀው ውሃ ውሃ ይላል።»

አያት አንገታቸውን ነቀነቁ። ይህን አልነገሯትም ነበር፤ ውሃ የበዛበት ድንች ሾርባ ሲሆን አይታ ነው የተማረችው።

እንፋሎቱ ሳሳ። ቶራ በርጩማው ላይ ቆመች፤ መጨፍለቂያውን በሁለት እጇ ያዘች፤ አወረደችም።

ጭፍልቅ።

ቶራ እናቷን አየች። ከዚያም ቀጠለች።

ጭፍልቅ፣ ጭፍልቅ፣ ጭፍልቅ። ነጩ ድንች ወደ ቢጫው ኒፕ ገባ።

ጭፍልቅ፣ ጭፍልቅ፣ ጭፍልቅ። ቢጫው ኒፕ ወደ ነጩ ድንች ገባ።

ክንዷ ደከመ። ጥቂት አረፈችና እንደገና ጀመረች። ጭፍልቅ፣ ጭፍልቅ፣ ጭፍልቅ።

አሁን ነጩም ቢጫውም አይለይም። ሁለቱ አንድ ሆነዋል።

አያት ቅቤ ጨመሩ፤ ጨው ጨመሩ፤ ቁንዶ በርበሬ ነሰነሱ። ሲግሪድ ከዓርብ ገበያ ያመጣችውን የተጠበሰ ዓሣ ከጎኑ አቀረበች።

ቶራ ግን የመጀመሪያውን ሳህን ራሷ ሞላች። በሁለት እጇ ይዛ በእናቷ ፊት አኖረችው።

ሲግሪድ አንድ ማንኪያ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አላመጠች።

ቶራ መጠበቅ ከበዳት። «አይጣፍጥም?» አለች።

«ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሳህን ስሞላ ነበር» አለች ሲግሪድ። «ዛሬ የእኔን ሳህን አንቺ ሞላሽልኝ።»

ቶራም በጣም እንደጣፈጣት ገባት።

አያትም ቀመሱ። «ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ከዚያም ሳህናቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጉ።

ለሞስ ያንን የተፋውን ኒፕ ከወንበር ሥር አውጥተው ቀቅለው ሰጡት። አሁን ሳይተፋ በላው።

በድስቱ ግርጌ ጥቂት ተጣብቆ ቀርቷል። እርሱ የጨፈለቀ ሰው ድርሻ ነው፤ ቶራ በማንኪያ ጫረችው። ጭር፣ ጭር፣ ጭር።

ራት ካለቀ በኋላ ቶራ መጨፍለቂያውን አጥባ አደረቀችው። ወደ ከፍተኛው ምስማር ተንጠራራች፤ አልደረሰችም።

በርጩማውን አመጣች። በርጩማው ላይ ቆማም አልደረሰችም።

አያት ይህን አዩ። መሳቢያውን ከፍተው መዶሻና አዲስ ምስማር አወጡ።

«በርጩማ ላይ መንጠራራት አደጋ አለው» አሉ። ሌላ ምክንያት አልሰጡም።

ከከፍተኛው ምስማር በታች፣ በቶራ ትከሻ ልክ፣ አዲሱን ምስማር በግራ እጃቸው መቱት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ምስማሩ ትንሽ ተጣመመ፤ ግራ እጅ ነውና። ቢሆንም አጥብቆ ይዟል።

ቶራ መጨፍለቂያውን ራሷ ሰቀለችው። በርጩማ አላስፈለጋትም።

ከዚያ በኋላ እናቷ ወደ አልጋዋ ወሰደቻትና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት። ከውጭ ውርጩ እንደገና በማሳው ላይ መውረድ ጀምሯል።

«ቶራ፣ ተኛሽ?» አለች ሲግሪድ።

«ገና ነው» አለች ቶራ።

ሲግሪድ ፀጉሯን ዳሰሰችላት። ሞስ ከአልጋው ሥር ገብቶ ተጠቀለለ።

«አሁንስ?»

«ገና... ነው።»

ሲግሪድ መብራቱን አጠፋች።

«አሁንስ?» አለች በሹክሹክታ።

ማንም «ገና ነው» አላለም።